ቤልጅየም ከሰል ሲቆፍር የነበረ ጣልያናዊ አያት ፍለጋ፣ ከየት ልጀምር?

የዘጌዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ረዘም ይላል ትዕግስት ያላችሁ አንብቡልኝ በናታችሁ። እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። አባቴ የተወለደው በ1931 ነው በኛ አቆጣጠር፣ እናቱ የዘጌ ልጅ ናት፣ በጣልያን ጊዜ ቡና በታንኳ እየጫነች ባሕር ዳር ገበያ ስትመላለስ ነው አንድ ወታደር ጋር የተገናኘችው፣ ያኔ ባሕር ዳር የዛሬዋ አይደለችም፣ ጊዮርጊስን ከቦ ያለ መንደር ነው። አባዬ ገና ዳዴ ሲል ጦርነቱ መጣና ሰውየውን በ33 እንግሊዝ ማርኮ ወሰደው ይባላል።

ከዛ ስንት ዓመት ቆይቶ ጎንደር ቀርቶ መካኒክ የሆነ ሌላ ጣልያን በኩል ደብዳቤና ፎቶ ደረሳት። ፎቶው ላይ ራሱ ላይ ሄልሜት አድርጎ በእጁ መብራት ይዞ ፊቱ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ከሰዎች ጋር ቆሟል፣ ያነበበላት ሰው ቤልጅግ አገር ከመሬት በታች ከሰል ይቆፍራል አላት። በኋላ ደግሞ አንድ ፖስትካርድ መጣ፣ ከዛ ዝም። ቤተሰብ ውስጥ የሚወራው "በትልቁ ቃጠሎ ከጓደኞቹ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ቀረ" ነው፣ ማን እንዳለው ግን ሁሉም የሚለው የተለያየ ነው። ደብዳቤው ጠፍቷል። ያለን ፎቶውና ፖስትካርዱ ብቻ ነው። ስሙን እናውቃለን የአባቱን ስም ግን አያቴ በራሷ አነጋገር ነው የምትጠራው የነበረ፣ አገሩንም "በሉና፣ ተራራ አገር ነው" ትል ነበር፣ ነፍሷን ይማረው። አባዬ እድሜው ገፍቷል እና ሳይመሽበት አንድ ነገር ባገኝለት ብዬ ነው። ቤልጅየም ነው መጀመር ያለብኝ ወይስ ጣልያን? እውነት በቃጠሎው ሞቶ ከሆነስ ዝርዝር ነገር አለ?

ሊዬዥ_ነኝ፦
እህቴ እንኳን ጻፍሽ። እኔ እዚህ ቤልጅየም ሊዬዥ ከተማ ነው ያለሁት፣ ጎረቤቶቼ ግማሾቹ የከሰል ቆፋሪ ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው፣ ቡና ላይ ሌላ ወሬ የለም።

መጀመሪያ ጊዜውን አስይዘን እንሂድ። በፈረንጅ ሰኔ 23 ቀን 1946 ጣልያንና ቤልጅየም ተፈራረሙ፣ ጣልያን 50,000 ሠራተኛ ልትልክ በየሳምንቱ 2,000፣ ቤልጅየም ደግሞ በልዋጩ ከሰል ልትሸጥላት። ቤልጅጎቹ ራሳቸው ጉድጓድ መግባት ጠልተው በጀርመን ምርኮኛ ነበር የሚያስቆፍሩት፣ ምርኮኛው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ነው ጣልያንን የፈለጉት። ጣልያን ውስጥ በየከተማው ሮዝ ቀለም ያለው ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ደሞዝ፣ ፈቃድ፣ ጡረታ፣ ነጻ ባቡር ይላል፣ ስለ አቧራው ግን ትንፍሽ የለም። ሰዉ ሚላኖ ባቡር ጣቢያ ምድር ቤት ውስጥ ሐኪም አይቶት ያለፈው በስዊዘርላንድ በኩል ይጫናል። የእድሜ ጣሪያው 35 ዓመት ነበር፣ ይሄን ልብ በይ ምክንያቱም አያትሽ ከምርኮ በተመለሰበት ሰሞን ከሄደ ከ1911 በፊት የተወለደ ሊሆን አይችልም፣ ብዙ ተመሳሳይ ስም ሲያጋጥምሽ በዚህ ታጣሪዋለሽ። ኮንትራቱ 12 ወር ነው፣ አፍርሶ ለመሄድ የሞከረ ብራስልስ ፔቲ ሻቶ የሚባል ግቢ ታስሮ በመጣበት ባቡር ይመለሳል። ያደሩበት ባራካ ደግሞ ያው ምርኮኞቹ የወጡበት የቆርቆሮና የጣውላ ነው። ፎቶው ላይ ወገቡ ወይ አንገቱ ላይ ክብ ብረት ካለ ቁጥሩን አንብቢው፣ ጠዋት ያንን ሰጥቶ ነው መብራት የሚቀበል፣ ማታ ብረቱ ሳይነሳ ከቀረ ሰውየው ታች ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን የየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ካልታወቀ ዋጋ የለውም።

ቃጠሎ የተባለው ማርሲኔል ነው፣ ሻርለሯ አጠገብ፣ ቧ ዱ ካዝዬ የሚባለው ጉድጓድ። በፈረንጅ ኦገስት 8 ቀን 1956፣ በኛ ነሐሴ 2 ቀን 1948፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ላይ። 975 ሜትር ጥልቀት ላይ የከሰል ፉርጎ አሳንሰሩ ውስጥ በቅጡ ሳይገባ፣ ጫፉ ወደ ውጭ እንደወጣ አሳንሰሩ ተነሳ፣ ሲነሳ የዘይት ቧንቧውን የኤሌክትሪክ ገመዱን የአየር ቧንቧውን ሁሉ በጠሰው፣ ከዛ እሳት ነው። 275 ሰው ታች ነበር 13 ወጡ። 262 ሞቱ፣ 136ቱ ጣልያኖች፣ ከነሱም 60ዎቹ አብሩዞ ከሚባል አንድ አካባቢ የመጡ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቤተሰብ አጥሩ ላይ ተጣብቆ ሲጠብቅ ቆይቶ በመጨረሻ የወጣው አዳኝ በጣልያንኛ "ሁሉም ሬሳ ነው" አለ። ዛሬ ሙዚየም ነው፣ በ2012 ከሌሎች ሦስት ማዕድን ቦታዎች ጋር ዩኔስኮ መዝግቦታል። የ262ቱ ስም በሙሉ እዛው ተጽፏል፣ የማንም ሚስጥር አይደለም፣ ስለዚህ ይሄ ጥያቄሽ ስም እስካለሽ ድረስ በአንድ ከሰዓት ይመለሳል።

ግን የኔን ሐቅ ልንገርሽ፣ እዚህ አገር ዘመዱ የጠፋበት ሁሉ ማርሲኔል ነው የሚለው። ብዙውን የገደለው እሳት ሳይሆን ሳንባቸው ውስጥ የገባው አቧራ ነው፣ ሲሊኮሲስ ይሉታል፣ ቤልጅየም እንደ ሥራ በሽታ የተቀበለችው በ1964 ነው፣ እስከዛ ድረስ ስንቱ አልጋ ላይ እያፈነው ሞቷል፣ ያ ደግሞ ጋዜጣ ላይ አይወጣም።

ስለዚህ ከማርሲኔል ይልቅ ፋይሉን ፈልጊ። ቤልጅየም ሊኖር የገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ የውጭ ዜጎች ፖሊስ የግል ፋይል ይከፍትለት ነበር፣ ከ1800ዎቹ አጋማሽ በፊት የጀመረ አሠራር ነው፣ አሮጌዎቹ ብራስልስ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ገብተዋል። የት ተወለደ፣ እናት አባቱ እነማን ናቸው፣ ሚስት አለው ወይ፣ የት ተቀጠረ፣ የት ሰፈር ተከራየ፣ አንዳንዴ ፎቶ ሳይቀር አለበት። ለኛ ያ ፖሊስ ያኔ ሰዉን መከታተሉ ዛሬ ጠቀመን እንግዲህ።

ደጋ_ዳሞት፦
ይቅርታ ግን እኔ አልገባኝም። አምስት ዓመት ሙሉ የጎጃም ሰው ጫካ የገባበትን ወራሪ ዛሬ አያቴ ብሎ መፈለግ ምን የሚሉት ነው። በመርዝ ጋዝ የጨረሰን ጦር ውስጥ ነው የነበረ። ፓስፖርቱ ከሆነ የተፈለገው ፓስፖርት ነው በሉ እና እንረዳ።

የዘጌዋ፦
ወንድሜ አልተቀየምኩም። የአያቴ ታላቅ ወንድም አርበኛ ነበር፣ ጥይት እግሩ ላይ ይዞ ነው የሞተው፣ እኛ ቤት አርበኛውም ሶላቶውም አንድ ግድግዳ ላይ ናቸው። እሱ እህቱን ለስንት ጊዜ አላናገራትም። አባዬ የቄስ ትምህርት ቤት "የሶላቶ ልጅ" እየተባለ ነው ያደገው፣ ልጆች ታንኳ ላይ አብረውት አይቀመጡም ነበር። ስድቡን ለ80 ዓመት ከተሸከመ የሰደቡበት ሰውዬ ማን እንደነበር ቢያውቅ ምን ይጎዳል? ጀግና ነበር አላልኩም። ፓስፖርቱን ደግሞ በዚህ እድሜው የት ሊሄድበት ነው ሃሃ፣ ከጣና ራቅ ካለ ራሱን ያመዋል።

ደጋ_ዳሞት፦
እሺ እትዬ፣ የልጁን ነገር አላሰብኩትም። ይቅናችሁ።

የፋሲል_ጎረቤት፦
ታሪክ አስተማሪ ነኝ ጎንደር፣ አሁን ጡረታ ላይ። ልጄ አንድ ነገር ላስቀድምልሽ፣ የአባትሽን ስም ከሰውየው ጋር የሚያያይዝ የጣልያን ወረቀት አገኛለሁ ብለሽ ብዙ አትድከሚ። ሰውየው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም ልጁን ያላስመዘገበው። በ1937 በፈረንጅ የወጣው አዋጅ አንድ ጣልያን ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ከተገኘ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስር ይላል፣ ሕጉ ልብ በይ የሚቀጣው አብሮ መኖርን ነው፣ ሴት አዳሪ ጋር መሄድ አላስከፋቸውም። በ1940 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ፣ ክልስ ሆኖ የተወለደውን ልጅ ጣልያኑ አባት ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ጭራሽ ከለከለው። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ተሽሯል፣ ልጆቹ ግን በእናታቸው አባት ስም ተጠርተው ቀሩ። አባትሽም በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ስለ ምርኮው። "በ33 ማረኩት" የሚለውን እንዳለ አትውሰጂው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ይግቡ እንጂ ጎንደር ያለው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ከጣና ዳር ወደ ጎንደር ከሸሹት ጋር ከነበረ የተማረከበት ዓመት ይለወጣል፣ የተላከበት አገርም እንደዛው። ከዚህ የተማረኩት ኬንያ ብዙ ናቸው፣ ደቡብ አፍሪካ ዞንደርዋተር የሚባል ትልቅ ካምፕ ገብተዋል፣ ሕንድም የሄዱ አሉ። እነ ሳቱርንያና ቩልካንያ በሚባሉት ነጫጭ መርከቦች በፈረንጅ በ1942 እና 43 አፍሪካን ዞረው የተመለሱት ሴቶች ሕጻናትና ሽማግሌዎች ናቸው፣ ወታደር አይደለም፣ ስለዚህ እዛ ዝርዝር ውስጥ አትፈልጊው። የምርኮኞችን ካርድ ጄኔቭ ያለው ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ይዞታል። ዓመቱን ሙሉ ግን ጥያቄ አይቀበሉም፣ በር የሚከፍቱበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ቶሎ መላክ ነው።

"በሉና" ያለችው ቤሉኖ ቢሆን አይገርመኝም፣ ሰሜን ጣልያን፣ ተራራ፣ ባሕር የለውም። ሌላ ማስረጃ ሳይኖር ግን ዝም ብዬ ነው የምገምተው።

ሊዬዥ_ነኝ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ቤሉኖ ከሆነማ ይሄ ታሪክ ልክ ነው፣ ቤልጅየም ጉድጓድ ውስጥ የቤሉኖ ሰው ሞልቶ ነበር። እህቴ ፖስትካርዱን ግን ገልብጠሽ ማህተሙን አይተሽዋል? ፎቶውስ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማህተም የለውም?

የዘጌዋ፦
እሺ አሁን ጉድ ስሙ። ፖስትካርዱ ሁሌ መስታወት ውስጥ ስለነበር ጀርባውን ያየው ሰው የለም፣ ዛሬ አውጥተን በስልክ አጉልተን አየነው። በጣልያንኛ ሦስት አጭር መስመር ነው፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ አነበበልኝ፣ ሰላምታና "ለልጁ ሳሙልኝ" ነው ሌላ የለውም። ማህተሙ ግማሹ ጠፍቷል ግን ዙሪያው ላይ ዊንተርስላ… ይላል፣ መሃሉ ላይ 14፣ ከዛ 12፣ ከዛ 58 ይነበባል ከዛ ሌላ ቁጥር አለ። 58 ዓመተ ምሕረቱ ነው? በነሱ 58 ከሆነ ከቃጠሎው በኋላ ነው እኮ!! አባዬ ሰምቶ ምንም አላለም፣ ብቻ ካርዱን አምጪው ብሎ ያዘው።

ሊዬዥ_ነኝ፦
እንዴ!! አዎ፣ የቤልጅየም ማህተም ቀን፣ ወር፣ ዓመት ከዛ ሰዓት ነው፣ እና ታህሳስ 14 ቀን 1958 ነው በፈረንጅ። ማርሲኔል ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰውየው በሕይወት ነበር!

ቦታው ዊንተርስላግ ነው፣ ጌንክ ውስጥ፣ ሊምቡርግ ክፍለ ሀገር። ይሄ ሁሉን ይለውጠዋል ምክንያቱም ሻርለሯና ሊዬዥ በፈረንሳይኛ ነው፣ እዛ ደሞ ደች ነው የሚናገሩት፣ መዝገቡም በደች ነው። ሊምቡርግ ያሉት ጉድጓዶች ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ከዋሎኒያዎቹ ያነሰ እድሜ ያላቸው ናቸው፣ ዊንተርስላግ፣ ዋተርስኻይ፣ ዝዋርትበርግ ሦስቱም ጌንክ ላይ ናቸው፣ ጣልያን ግሪክ ቱርክ ሞሮኮ ሁሉም ተደባልቆ የሚኖርባት ከተማ ነች እስከ ዛሬ። ከማርሲኔል በኋላ ጣልያን መንግሥት ሰው መላኩን አቆመ፣ ቤልጅየም ወደ ስፔንና ግሪክ ዞረች፣ በ1964 ከሞሮኮና ከቱርክ ጋር ተፈራረመች፣ ቀድሞ የገቡት ጣልያኖች ግን ብዙዎቹ እዛው ቀሩ፣ አያትሽም ከነሱ ነው ማለት ነው። ዊንተርስላግ የተዘጋው በ1988 ነው፣ የአገሪቱ የመጨረሻው ዞልደር በ1992። የሊምቡርግ ማዕድን ኩባንያዎች ወረቀት የገባው ሃሴልት ያለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ነው፣ ስለዚህ ብራስልስ ፖሊስ ፋይሉን ትጠይቂያለሽ፣ ሃሴልት የሠራተኛ ካርዱን፣ ጌንክ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የነዋሪ መዝገቡን። ሦስት የተለያየ ደብዳቤ ነው፣ አንዱ ቢዘገይ አንዱ ይመልሳል።

ሮማ_ከተማ_ነዋሪ፦
አንብቤ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ሮማ ነው የምሠራው፣ እንዲህ አይነት ፍለጋ ለጓደኛዬ ሠርተንላት ስለነበር የማውቀውን ልጻፍ።

ጣልያን አገር ቁልፉ የተወለደበት ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ኮሙኔ ይሉታል፣ ክፍለ ሀገሩን ብቻ ማወቅ አይበቃም። ቤሉኖ ከተማም ነው ክፍለ ሀገርም ነው፣ ውስጡ ብዙ ኮሙኔ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ከቤልጅየም ፋይል የተወለደበትን መንደር አግኙ፣ ከዛ ለኮሙኔው ጻፉ። ስትጽፉ የልደት ወረቀት ስጡኝ ብቻ አትበሉ፣ ከጎኑ ያሉ ማስታወሻዎች ጋር በሉ። ልደቱ የተመዘገበበት ገጽ ጠርዝ ላይ መቼ እንዳገባ፣ መቼና የት እንደሞተ ይጽፉበታል፣ ውጭ አገር ቢሞት እንኳ ወረቀቱ ከደረሳቸው ያስገቡታል። አንድ ገጽ ላይ እድሜ ልኩን ታገኙታላችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ የወታደር መዝገቡ፣ ፎልዮ ማትሪኮላሬ ነው የሚባለው፣ የተመለመለበት ክፍለ ሀገር የመንግሥት ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው የሚገኘው። መቼ ምጽዋ እንደወረደ፣ የትኛው ክፍለ ጦር እንደነበር፣ መቼ ተማረከ፣ መቼ ተመለሰ። ቁመቱና የጸጉሩ ቀለም ሳይቀር አለ። ደጋ ዳሞት የጠየቀው ጥያቄም፣ ማለት ምን አድርጎ ነበር የሚለው፣ ክፍለ ጦሩ ከታወቀ በከፊል እዛ ይመለሳል፣ መልሱን ደግሞ ላትወዱት ትችላላችሁ፣ ተዘጋጁ።

ዲኤንኤ የሚያስብ ካለ አንቺ አትስጪ፣ አባትሽ ነው መስጠት ያለበት። ከአባቱ ግማሹን ነው የወረሰው፣ ባንቺ ሲደርስ ሩብ ገደማ ነው የሚቀረው፣ የሩቅ ዘመድ ፍለጋ ላይ ይሄ ልዩነት ብዙ ነው። ኪቱን ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ በሰው እጅ ቢያመጣላችሁ ይሻላል።

ፓስፖርቱን ያነሳ ስላለ፣ በፈረንጅ በ2025 ጣልያን የዜግነት ሕጉን አጥብቃዋለች፣ አሁን ከአያት በላይ አይቆጠርም፣ ከዛም በላይ እዚህ አባትነቱ በወረቀት የተረጋገጠ አይደለም፣ ስለዚህ ለዛ ብላችሁ ጠበቃ ነኝ ለሚል ሁሉ ብር እንዳትከፍሉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ58 እዛው ከነበረ ምናልባት ጌንክ ሚስትና ልጆች ነበሩት። እነሱ ስለ ባሕር ዳር የሰሙት ነገር ላይኖር ይችላል፣ አባታቸው በፎቶ ግድግዳ ላይ ያለ ጥሩ ሰው ነው ለነሱ። ስታገኟቸው ፌስቡክ ላይ "አባትህ አባቴ ነው" ብሎ መጻፍ አይሆንም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዛ የፖስትካርዱን ፎቶ፣ "ይሄን ጽሑፍ ታውቁታላችሁ ወይ" ብሎ መጠየቅ። የእጅ ጽሑፉን ከሱ ደብዳቤ ጋር ራሳቸው ያመሳክሩታል፣ መቀበል ያለመቀበል የነሱ ነው።

የዘጌዋ፦
ተባረኩ ሁላችሁም፣ ምን እንደምል አላውቅም። አባዬን ዲኤንኤ ስለው "ምራቄን ለፈረንጅ ልላክ?" ብሎ ሳቀ፣ ከዛ ቆይቶ እሺ አለ፣ ግን መጀመሪያ ወንድም እህት ካለኝ ስማቸውን ንገሩኝ ነው የሚለው፣ ሰውየው ስለሞተበት ምንም አልጠየቀም። ሮማ ያልሽው እህቴ የክፍለ ጦሩ ነገር እኔንም ያስፈራኛል ግን ይምጣ። የአባቱን ስም በተመለከተ ካርዱ ላይ ፊርማው አለ፣ የመጀመሪያው ፊደል ዳ ወይ ዴ ነው የሚመስለው፣ አያቴ "ደላ" ምናምን ትል ነበር።

የፋሲል_ጎረቤት፦
ዴላ ብሎ የሚጀምር የአባት ስም ሞልቷል እዛ አካባቢ፣ ሁለት ቃል ሆኖም አንድ ቃል ሆኖም ይጻፋል። መዝገብ ሲፈለግ በሁለቱም አስፈልጊ።

ሊዬዥ_ነኝ፦
በቃ እኔ ለሃሴልት የሚላከውን በደች አስጽፍልሻለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ጌንክ ነው ያደገ። ካንቺ የምፈልገው የካርዱን ሁለቱንም ገጽ ነው፣ ፎቶ ቤት ሄደሽ ስካን አስደርጊውና በኢሜይል ላኪልኝ፣ በቴሌግራም ከሆነም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ፎቶ አትላኪው፣ ያጠብበውና ፊርማው አይነበብም። የአባትሽንም ፈቃድ በጽሑፍ አስፈርሚው፣ ስሙና የተወለደበት ዓመት በኛም በፈረንጅም ይጻፍ፣ ባለፈው አንዱ በኛ ብቻ ጽፎ ከእድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የተወለደ አድርገውት ነበር።